ጾም ይዘን ወደ ዓሣ ደሴት

አዲስ አበባ ያሉት አክስቴ ከጉዞ በተመለስኩ ቁጥር ይደውላሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ምን አያችሁ?" ሳይሆን "ምን በላችሁ?" ነው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለእሳቸውና እሳቸውን ለመሰሉ ሰዎች ስለሆነ፣ ስለ እሳተ ገሞራውና ስለ ሐይቆቹ ብዙ ባልናገር ቅር አይበላችሁ። የአዞረስ ደሴቶችን ፎቶ ማንም በስልኩ ማየት ይችላል። እኔ የምነግራችሁ አባባ እዚያ ምን እንደበሉና ምን እንዳልበሉ ነው።

አዞረስ ከፖርቱጋል ወደ ምዕራብ ርቀው፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የተበተኑ ደሴቶች ናቸው። አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስቶክሆልም ውስጥ የዓሣ ተመራማሪ ነበሩ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አድገው፣ ተማሪ ሆነው ወደ ስዊድን መጡ፤ ከዚያ በኋላ ሥራቸው ሁሉ በባልቲክ ባሕር ላይ ሆነ። ባልቲክ እንደ ውቅያኖስ ጨዋማ፣ እንደ ሐይቅም ጨው አልባ ያልሆነ ውሃ ነው። የዓሣው ዓይነት ጥቂት ነው። "እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከአንድ ዓሣ ጋር ነው የተጨቃጨቅኩት" ይላሉ፤ ስትሮሚንግ የሚባለውን፣ ስዊድኖች ጠብሰው ከድንች ጋር የሚበሉትን ትንሽ ዓሣ ማለታቸው ነው። ለዚህ ይመስለኛል ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ የአዞረስን ዓሦች ሥዕል የሰቀሉት። ጡረታ ሲወጡ ሥዕሉን ጠቅልለው አምጥተው፣ ሁስቢ በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር ባለው ቤታችን ኩሽና ውስጥ ለጠፉት። "ሌላው ሰው የቅዱሳን ሥዕል ይሰቅላል" አለች እማዬ። ግን አላስወረደችውም።

በቤታችን በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ የሚነሣ አንድ ክርክር ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም? አባባ ይበላል ባይ ነበሩ። ራሳቸው ግን ጾመው አያውቁም፤ ለክርክሩ ያህል ነው። እማዬ ደግሞ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል "አንተ ዓሣውን ታውቀዋለህ፣ ጾሙን ግን ለኔ ተውልኝ" ትላቸው ነበር።

እማዬ ካረፈች ወዲህ አባባ ለማንም ሳይናገሩ መጾም ጀመሩ። ረቡዕና ዓርቡን፣ ሁዳዴውንም፣ ልክ እሷ እንደምትጾመው፣ ያለ ዓሣ። እኔ የምኖረው ለብቻዬ፣ ሶለንቱና የሚባል አጎራባች ከተማ ነው። በየእሑዱ ስመጣ አባባ በየጊዜው ኮታቸው እየሰፋቸው አገኛቸዋለሁ። ቮርድሴንትራል በሚባለው የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መዝናቸው "እንዲህ ከቀጠሉ ሆስፒታል ነው የምንልክዎት። ለምን ዓሣ አይበሉም?" አለቻቸው። አባባ "ጥሩ ሐሳብ ነው" ብለው አመስግነው ወጡ። አልበሉም።

እኔ ከሰው ጋር መጋፈጥ የማልችል ሰው ነኝ። ቋንቋ አይደለም የሚቸግረኝ፤ ፊት ለፊት ማለቱ ነው። አባባን "ይብሉልኝ፣ እርስዎንም እንዳላጣ ፈርቻለሁ" ማለት አቃተኝ። በምትኩ ወደ አዞረስ ትኬት ቆረጥኩ። የሥዕሉን ዓሦች በዓይናቸው ካዩ ይበላሉ ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ

ከሁስቢ በማለዳ ወጣን። የስቶክሆልም ሚያዝያ እንደምታውቁት ገና ክረምቱን አልለቀቀም፤ ዛፉ ባዶ ነው፣ ለበረዶው የተበተነው ጠጠር ገና ከመንገዱ አልተጠረገም፣ የሻንጣችን ጎማ እየተንኳኳ እስከ ቱንልባናው፣ እስከ ምድር ውስጥ ባቡሩ ድረስ ሰፈሩን ቀሰቀሰ።

አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍተሻው ላይ አባባ ቀበቶ እንዲያወልቁ ታዘዙ። ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው በበሩ አለፉ። ቀበቶው በማሽኑ ዞሮ ሲመጣ አነሣሁት። በቢላ የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉበት። ጠቅልዬ መለስኩላቸው።

ካፌው ገብቼ አይብ ያለበት ዳቦ ገዛሁላቸው። ፈገግ ብለው አዩት።

"ህሊናዬ፣ ጾም እኮ ነው።"

"ፖስክ አለፈ እኮ፣ አባባ።"

"የነሱ ፖስክ ነው ያለፈው። የኛ ፋሲካ ገና ወር ይቀረዋል።"

ትኬቱን ስቆርጥ የስዊድን ካላንደር ነበር ያየሁት። የትንሣኤ በዓላቸው ማለፉን አይቼ፣ ጾሙ ወጥቷል፣ እንግዲህ ዓሣ እንደ ልብ ነው ብዬ ነበር። ጾም የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀን በቤታችን የምትነግረን እማዬ ነበረች። እሷ ከሌለች ወዲህ ማንም አልነገረኝ፤ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አልገባኝም።

"ታዲያ ትኬቱን ባሳየሁዎት ቀን ለምን አልነገሩኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ። በሁዳዴ ወደ ዓሣ አገር የሚወስደኝ ሰው ደግሞ ከየት አገኛለሁ? እናትሽ ብትሰማ እስክታነባ ትስቅ ነበር።"

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ዳቦውን እኔ በላሁት።

ሊዝበን ላይ ሁለተኛው አውሮፕላን ዘገየ። አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ስለማይቀምሱ፣ ከዚያ በኋላም የተገኘው ነገር ሁሉ ቅቤ ወይም ሥጋ ስላለበት፣ ቀኑን በብርቱካን አሳለፉት። ሳኦ ሚጌል የምትባለው ትልቋ ደሴት ላይ ስናርፍ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። ታክሲው በባሕሩ ዳር ወደ ምሥራቅ ይዞን ሄደ። በግራችን ኮረብታው ሁሉ ሣር ነው፤ በየሣሩ ላይ ላሞች ቆመዋል። አባባ መስኮቱን ከፍተው "ሰላሌ የገባን መሰለኝ፤ ባሕሩን ማን ከሥሩ አስቀመጠው?" አሉ።

ያረፍነው በአንዲት የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ውስጥ፣ ዶና ግራሳ የሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። ዶና ግራሳ አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። ለብዙ ዓመት ካናዳ ኖረው ስለተመለሱ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። "ግራሳ ብቻ በይኝ" አሉኝ፤ እኔ ግን የእናቴን ታላቅ የሚያክሉ ሴት በስማቸው ብቻ መጥራት ከአፌ አልወጣም። በረንዳቸው ላይ ገበታ አቅርበው ይጠብቁን ነበር። በትልቅ ድስት የዓሣ ሾርባ፣ ከጎኑ የተጠበሱ ሰማያዊ ትናንሽ ዓሦች። ቺሻሩ ይባላሉ። በጅራታቸው ይዛችሁ ከነአጥንታቸው ነው የምትበሏቸው።

አባባ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። አንዷን ዓሣ በሹካ ገልበጥ አድርገው ጎኗን አዩ፤ የላቲን ስሟን ጠሩ። "ይህች የስትሮሚንግ የሩቅ ዘመድ ትመስላለች፣ ግን አይደለችም" ብለው አስረዱን። ደረቅ ዳቦና አንድ ሙዝ በሉ። ዶና ግራሳ ሳህኑን አይተው እኔን አዩኝ። እኔ አፍሬ የአባባንም ድርሻ በላሁ።

ዓርብ

የዶና ግራሳ ልጅ ማኑኤል ዓሣ አስጋሪ ነው። ጠዋት መጥቶ ወደ ወደቡ ይዞን ሄደ። ከጀልባ የወረደው ዓሣ ሁሉ የሚሸጥበት የሐራጅ አዳራሽ አለ። ነጭ ነው፤ ይቀዘቅዛል፤ ወለሉ በውሃ እየታጠበ ነው። ዓሣው በበረዶ በተሞላ ሣጥን በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሯል።

አባባ በሩ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ በሕይወቴ አባባ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ እንዲህ ሲቆሙ አላየሁም።

ከዚያ እየዞሩ የሚያውቋቸውን ሰዎች እንደሚጨብጥ ሰው በየሣጥኑ ላይ ጎንበስ ይሉ ጀመር። "አንተን እንኳ ለስንት ዓመት ግድግዳ ላይ ነው የማውቅህ" ይላሉ። ቀይ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉን ሲከፍት ውስጡ ጥላሸት የመሰለ ዓሣ አሳዩኝ፤ ቦካ ኔግራ ይባላል፣ ጥቁር አፍ ማለት ነው፣ የሚኖረው ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ነው። ጎራዥ የሚባል ሮዝ ዓሣ አለ። ብዙውን ጊዜ ወንድ ሆኖ ይጀምርና ሲያድግ ሴት ይሆናል። "ሲበስል ማለት ነው" አሉ አባባ። እንደ ቀበቶ ረጅምና ጥቁር፣ ጥርሱ መርፌ የመሰለ ዓሣ አለ። እባብ የሚመስል ሞሬያ አለ። ቬጃ የሚባለው ደግሞ አፉ የበቀቀን ነው፤ በእሱ ድንጋይ ላይ የበቀለውን ይግጣል። ወንዱ ግራጫ ነው፤ ሴቷ ግን ቀይና ቢጫ ለብሳ ሠርግ የምትሄድ ትመስላለች።

"በወፎች ወንዱ ነው የሚያጌጠው" አሉ አባባ። "እዚህ ግን እናትሽን ይመስላሉ።"

እንዴት አንድ ቦታ ይህ ሁሉ ዓይነት ተሰበሰበ ብዬ ጠየቅኳቸው። አባባ በረዶው ላይ በጣታቸው ተራራ ሣሉልኝ። ደሴቶቹ ከውቅያኖሱ ወለል የተነሡ የተራራ ጫፎች ናቸው። ጥልቁ ከዳርቻው ሩቅ አይደለም፤ ጥቂት እንደቀዘፋችሁ ወለሉ ከሥራችሁ ይጠፋል። ስለዚህ የድንጋይ ዳር ዓሣውም፣ የጨለማው ዓሣም፣ እንደ ቱና ያለው መንገደኛውም እዚህ ይገናኛሉ። "መርካቶ በይው" አሉ። "ባልቲክ ደግሞ ሁስቢ አደባባይ ያለችው ሱቅ ናት። የምትፈልጊው አለ፣ ግን አንድ ዓይነት ነው።"

ማኑኤል ከአባባ ጋር ቋንቋ ባይገናኝም ተግባቡ። አንዱ በፖርቱጋልኛ ስሙን ይጠራል፣ ሌላው በላቲን ይመልሳል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ሌሎቹ አስጋሪዎችም ተሰብስበው አዳዲስ ዓሣ ያመጡላቸው ጀመር። በመጨረሻ አንድ ትልቅ፣ ቡናማ፣ ግንባሩ የተኮሳተረ ዓሣ ፊት ደረሱ፤ ሼርን ይባላል።

"ይህ ልጅነቱን የሚያሳልፈው ባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ እንጨት ሥር ተጠግቶ ነው" አሉኝ። "የተሰበረ ጀልባም ይሁን ግንድ፣ ያገኘውን ተከትሎ ውቅያኖሱን ይዞራል። ሲያድግ እንጨቱን ይተወውና ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ላይ አይወጣም።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ስለነበር፣ ዛሬስ ይበላሉ ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ዶና ግራሳ ቬጃ ጠብሰው ጠበቁን። ሰዓቱም ዘጠኝ አልፎ ነበር። አባባ ዓሣውን በሹካና በቢላ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ከፈቱት፤ አጥንቱን አንድ በአንድ አውጥተው፣ ሥጋውን ሳህኔ ላይ አደረጉልኝ። ራሳቸው ድንች በሉ።

ኩሽና ዕቃ ሳቀብል ዶና ግራሳ ያዙኝ። "አባትሽ ታመዋል? ወይስ ምግቤን ጠሉት?"

"አይ፣ አይ፣" አልኩ በትንሽ ድምፅ፣ "ጾም ይዘው ነው።"

"ጾም? ፋሲካ እኮ አልፏል! ክርስቶስ ተነሥቷል!"

"የኛ ገና ነው።"

ክርስቶስ በአንድ አገር ተነሥቶ በሌላ አገር ገና መሆኑ የገረማቸው ይመስለኛል። ከዚያ ፊታቸው በራ። "ታዲያ ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም? ጾም ከሆነማ ዓሣ ነው እንጂ!" ብለው ወገቤን መታ አደረጉኝ።

እዚያ አገር ሰው ሲጾም ሥጋ ትቶ ዓሣ ይበላል። አይደለም፣ የኛ እንዲያ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት ግን ዶና ግራሳ ስልክ አንሥተው ለማኑኤል የነገውን ዓሣ እያዘዙ ነበር። ሳህኑን ማድረቅ ጀመርኩ።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ስለሆነ አባባ ጠዋት ይቀምሳሉ። የጠበቀን ቁርስ ግን የቱና ቁራጭ ነበር። ከዚያ ደግሞ ከድንጋይ ላይ እየተፋቁ የሚነሡ፣ ላፓ የሚባሉ ቀንድ አውጣ መሳዮች፣ በነጭ ሽንኩርት። ከዚያ የሞሬያ ጥብስ። ዶና ግራሳ ጾመኛውን ለማክበር እንቅልፍ አጥተው እንደሠሩት ያስታውቃል። አባባ እያንዳንዱን በስሙ አመሰገኑ፤ ሻይ ጠጡ፤ ዳቦ ቆረሱ። ዶና ግራሳ ዞር ባሉ ቁጥር እኔ ከአባባ ሳህን ወደ አፌ አመላልሳለሁ። ምግብ መመለስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ሁለቱ ነውሮች መሃል ገብቼ ሆዴ ተነፋ።

በዚያው ላይ ማኑኤል በጀልባው ሊያንሸራሽረን መጣ።

ዶልፊን አየን ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። ሰማዩ ሲጠራ ዘነበ፣ ዘንቦ ጠራ፤ ስቶክሆልም በዓመት የምታሳየንን ሁሉ ያ ባሕር በአንድ ጠዋት አሳየን። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ቱናውም፣ ላፓውም፣ ሞሬያውም በሆዴ ውስጥ ከየሣጥናቸው ወጡ። በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተደፋሁ።

አባባ ከኋላዬ መጥተው ግንባሬን በመዳፋቸው ያዙልኝ። ልጅ ሳለሁ ስታመም እንደሚያደርጉት። እጃቸው ቀሎ ነበር፤ አጥንቱ ይሰማኛል። ትንፋሼ ሲመለስ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አልወጣ ያለኝ ቃል ከሌላው ሁሉ ጋር ወጣ።

"የእርስዎን ስበላ ነው እንዲህ የሆንኩት! አይበሉም! እማዬን ተከትለው ሊሄዱብኝ ነው!"

አባባ ፊቴን በመሐረባቸው ጠረጉት። ማኑኤል ነገሩ ባይገባውም ሞተሩን አጠፋ።

"ልጄ፣ ለመሞት ነው እንዴ የምጾም የመሰለሽ?" አሉ።

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

ባሕሩን እያዩ መሐረቡን አጣጠፉ። "ሁዳዴ ሲገባ እናትሽ ትዝ ይልሻል? ስልጆው፣ ተልባው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ እልበቱ... እኔ ሳልጾም የጾሙን ምግብ ከሷ ሳህን እየሰረቅኩ ነበር የምበላው። በዓመት ውስጥ ቤታችን እንደ ሁዳዴ የሚጣፍጥበት ጊዜ አልነበረም። ጾሙን ስይዘው የተመለሰች ይመስለኛል። ግን..." ሳቅ አሉ። "ግን የምትሠራው የለችም። እኔ ዓሣ መበለት እንጂ ሽሮ ማቁላላት አልችልም። ሻይና ዳቦ ነው የምበላው።"

እኔ በየእሑዱ ሳልሞን በክሬም፣ ሥጋ በማካሮኒ እየሠራሁ በሣጥን አመጣላቸው ነበር። ረቡዕና ዓርብ ባይሆን ማክሰኞ ይበላል እያልኩ ፍሪጅ ውስጥ እደረድረዋለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሣጥኑን ታጥቦ ባዶ አገኘዋለሁ።

"ያመጣሁትን ምግብ ማን ነበር የሚበላው?"

"ጎረቤታችን። ሳልሞንሽን በጣም ነው የሚወደው።"

እያለቀስኩ ሳቅ መጣብኝ። አባባም ሳቁ። ማኑኤል በሰላም መጠናቀቁን ሲያይ ሞተሩን አስነሣ።

ዶና ግራሳ ወደቡ ላይ ይጠብቁን ነበር። ፊቴን ሲያዩ "ምን ሆነሻል?" አሉኝ። አንዴ አፌ ተከፍቷልና አልዘጋሁትም። እዚያው መረብ በሚጠገንበት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ የኛ ጾም ዓሣ እንደማይጨምር፣ ስለ እማዬ፣ ስለ ክርክራቸው፣ የአባባን ዓሣ ማን ሲበላ እንደነበረ።

ዶና ግራሳ አልተቆጡም። ካናዳ ሳሉ ባለቤታቸው ዓርብ ዓርብ ባካልያው የሚባለውን በጨው የደረቀ ዓሣ ካልበላ ሳምንቱ አያልፍለትም ነበር አሉኝ። ሽታውን እሳቸው አይወዱትም። "ከሞተ ስንት ዓመቱ፤ አሁንም ሐሙስ ሲሆን እጄ ራሱ ዓሣውን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ዓርብ ለድመቷ ነው የምሰጠው።" ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። "በይ ንገሪኝ። ቋሊማ?"

"አይሆንም።"

"ቅቤ? አይብ? እንቁላል?"

"አይሆንም።"

"አንቺ ልጅ፣ ታዲያ ለናንተ ምን ተረፈላችሁ?"

እሑድ

ዶና ግራሳ ከቅዳሴ ሲመለሱ በጓሯቸው የባቄላ እሸት ለቀሙ። እኔም ተጎንብሼ አብሬ ፈለፈልኩ። ሽንኩርቱን በዘይት በደንብ አቁላሉት፤ ነጭ ሽንኩርት ጨመሩ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አውርደው ክዳኑን ሲከፍቱ ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። ቀይ በርበሬ ነው፣ ከነእርጥበቱ ከጨው ጋር ተፈጭቶ የከረመ። ከኛ ዳጣ የሚለየው ማቃጠሉን መተዉ ብቻ ነው። ባቄላው በዚያ ቀላ። በሌላ ድስት የሚቀቀለውን ሥር ሳይ ደግሞ ዓይኔን አላመንኩም። ጎደሬ ነው! እነሱ ሌላ ስም አላቸው፤ ግን ያው ራሱ ጎደሬ። ከዚያ ላይ ትኩስ የበቆሎ ዳቦ።

አባባ ከበረንዳው ሽታውን ተከትለው መጡ። ማንም ሳይጠራቸው ተቀመጡ። ዶና ግራሳ ሳህናቸውን ሞሉት። እኔ ሌላ ሥራ ያለብኝ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ እያየኋቸው መብላት እንዳይከብዳቸው ብዬ።

መጀመሪያ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ። ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ስዞር አባባ ሳህኑን በዳቦ እየጠረጉ ነው። ጢማቸው ቀይ ሆኗል።

"ዶና ግራሳ፣" አሉ በእንግሊዝኛቸው፣ "ማስቸገር ካልሆነብኝ፣ ጥቂት ይጨመርልኝ።"

ዶና ግራሳ አንዴ ብቻ አዩኝ። ጨመሩላቸው። ከዚያ ደግሞ ጨመሩላቸው። እሑድ የቀረው ሰዓት ምን እንደሠራን አላስታውስም። አባባ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ድመቷም ጭናቸው ላይ ወጣች።

ሰኞ

ሰኞ ወደ እሳተ ገሞራው ሐይቅ ሄድን። አረንጓዴ ነው፤ ዝናብ ነበር። አባባ በመንገድ ላይ ስለ ትናንቱ ባቄላ አወሩ።

ከሰዓት በኋላ ዳርቻው ላይ፣ ማዕበሉ ጥሏቸው በሄደ የድንጋይ ኩሬዎች መሃል ተቀመጥን። በየኩሬው ውስጥ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ ዓሦች ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ስናያቸው ቆይተን ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ እንዲያው እውነቱን ይንገሩኝ። ዓሣ በጾም ይበላል?"

"ለኔ ይበላል።" አንዷን ዓሣ በዓይናቸው እየተከተሉ ነበር። "የምጾመው ግን የሷን ጾም ነው።"

ማታ ዶና ግራሳ ለራሳቸውና ለማኑኤል ዓሣ፣ ለአባባ ሽምብራ ሠሩ። እኔ ከየትኛው እንደምበላ ጠየቁኝ። ከአባባ ጋር አልኳቸው። በደስታ ነው ያልኩት፤ ሆዴም እፎይ አለ።

ማክሰኞ

ዶና ግራሳ ስንሰናበት የቀዩን በርበሬ ብልቃጥ በፎጣ ጠቅልለው ሰጡን። ማኑኤል ለአባባ የደረቀ የቬጃ መንጋጋ አመጣላቸው፤ ያ የበቀቀን አፍ ከነጥርሱ። አባባ ስጦታውን እንደ ሽልማት በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዶና ግራሳ አቅፈውኝ በጆሮዬ "ከዚህ በኋላ ቶሎ ተናገሪ፣ የዓሣ ዋጋ ውድ ነው" አሉኝ።

ሻንጣውን ስናስገባ ብልቃጡ ይሰበር ይሆን ብዬ በሹራቤ ደግሜ ጠቀለልኩት። ፍተሻው ላይ አባባ እንደገና ቀበቶአቸውን አወለቁ፤ እንደገና ሱሪያቸውን ጨብጠው አለፉ። ሦስት ሳህን ባቄላ ያን ያህል ተአምር አይሠራም። ግን ወደ ኋላ ዞር ብለው "እዪኝማ፣ ያላጌጠውን ወንዱን ቬጃ መሰልኩ!" አሉኝ፤ እኔም ሰው ሁሉ እየሰማኝ ሳቅኩ።

ስቶክሆልም ስንደርስ ጠጠሩ ያው አለ። ከፔንዴልቶጉ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ካመጣን ባቡር ወርደን ሰማያዊውን ቱንልባና ያዝን። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ስልኩን አቀርቅሮ ያያል፤ ማንም ከማንም ጋር አያወራም። አባባ ሻንጣውን በጉልበታቸው ይዘው፣ መንጋጋውን ኪሳቸው ውስጥ እየዳበሱ ተቀምጠዋል። እማዬ ካረፈች ወዲህ ስቶክሆልም ውስጥ ስለ ምግብ የሚሉት "አልራበኝም" ብቻ ነበር። ሃሎንበርየን ጣቢያን እንዳለፍን ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ህሊናዬ፣ ነገ ምንድን ነው የምትሠሪው?"

ነገ ረቡዕ ነው። ሶለንቱና መሄድ፣ ሥራ መግባት አለብኝ።

"ምን ያምርዎታል?"

"እልበት ትችያለሽ?"

አልችልም። እማዬ ስትሠራው ቆሜ ሳያት ኖሬያለሁ እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም።

"እችላለሁ" አልኩ።

"ባቄላ ቤት አለ?"

"አለ፣ አባባ።"

አልነበረም። ኩሽናው ውስጥ ያለው ዳቦ፣ ሻይ ቅጠልና የዓሦቹ ሥዕል ብቻ ነው። ባቡሩ ከሁስቢ በፊት ያለችው፣ ገበያ ያለባት ኪስታ ሲደርስ ሻንጣውን ለእሳቸው ትቼ ተነሣሁ። "እርስዎ ይቀጥሉ፣ ሁስቢ ላይ ይውረዱ፤ እኔ መጣሁ" አልኳቸው። የት እንደምሄድ አልጠየቁኝም። በሩ ሊዘጋ ሲል ግን ከመቀመጫቸው ሆነው፣ ባቡሩ ሙሉ ሰው እያያቸው፣ በአማርኛ ጮኹ፦

"አብሽም እንዳትረሺ!"